የጌዶዋ ቢራቢሮ

ትናንት ክረምቱ ወጣ ብዬ ወፍራም ሹራቤን ሣጥን ውስጥ ላስገባ ስል እናቴ የብል መድኃኒት ወረወረችልኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የስምንተኛ ክፍል ዕረፍቴ ትዝ አለኝ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስለ ድሮ ለመጻፍ ይበቃል ብዬ ወስኛለሁ!

የአባቴ እህት አዳዳ ጫልቱ አምቦ ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ክምችት ጠባቂ ናት። ያን ክረምት ሥራ ቦታዋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ክፍሉ እንደዚያ መድኃኒት ይሸታል፤ መስታወት በለበሱት መሳቢያዎች ውስጥ ጥንዚዛው፣ ንቡ፣ ፌንጣው በመርፌ ተሰክቶ ተደርድሯል። እኔ የምወደው ከጌዶ በላይ ካለው ጫካ የተያዘችውን ሰማያዊ ቢራቢሮ ነበር። ከዓይነቷ የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ አለ። መንገድ ላይ የገዛነው ጥብስ በቆሎ እጄን እያሞቀኝ ገባን። ከነቀምቴ አንዲት ተመራማሪ ልትመጣ ነው፤ ከቢራቢሮዋ አንድ እግር ወስዳ መርምራ፣ እስከዛሬ ያልታወቀች ዝርያ መሆኗን ልታረጋግጥ። እኔ ቀድሜ ልያት ብዬ መሳቢያውን ሳብኩ። ከመርፌው ሥር ሱረት የመሰለ ቡናማ ዱቄት ፈስሷል።

“አዳዳ፣ አቧራ ገብቷል።”

መጥታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። “አቧራ አይደለም። እየበሏት ነው።”

የደረቀ ነፍሳት የሚበላ ነፍሳት እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለዚህም ነው አዲስ የመጣ ሣጥን ሁሉ መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ የሚሰነብተው፤ የተደበቀ ትል ካለ በብርዱ እንዲሞት።

አዳዳ ባልደረባዋን ጠራች። “ኦቦ ቶላሳ፣ ያን ከባኮ ያመጡትን ሣጥን ፍሪዘር አስገብተውት ነበር?”

“መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ። ደግሞ ሁሉም ደርቆ የሞተ ነው፤ ምን ያመጣል ብዬ…”

“የሞተውን ማን ፈራ!”

ሌሎቹን መሳቢያዎች አንድ በአንድ ከፈትን። ዱቄት። እዚያም ዱቄት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ተመራማሪዋ ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ አዳዳ መርፌውን ቀስ አድርጋ አነሳች። ክንፎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። እግር የሚባል የለም፤ በተቦረቦረው ገላ ውስጥ ጸጉራም ትል ይላወሳል።

“አይዞሽ ጫልቱዬ፣ ከዚያው ጫካ ሌላ እንይዛለን” አለች ተመራማሪዋ።

“የቱ ጫካ?” አለች አዳዳ።

ጫካው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተመንጥሮ በቆሎ ተዘርቶበት ነበር።

ዛሬም ወደ ነቀምቴ ስንሄድ የአውቶቡሱን መስኮት ዳር ለማንም አልለቅም። የጠፋው የቢራቢሮዋ ማስረጃ ነው እንጂ እሷ ጠፋች ያለ የለም እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ጌዶ አካባቢ አንድ ነገር ብልጭ ካለ አንገቴን እስኪያመኝ እዞራለሁ። እስካሁን ያየኋቸው ሁሉ ነጮቹ የጎመን ቢራቢሮዎች ናቸው።