ያላየሁት ቀይ ዓሣ

ሚስቴን የዋሸኋት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ አሰብ ባለተሳቢ መኪና እነዳ ነበር። ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዤላት እመጣለሁ፤ አንዳንዴ ሸራ ጫማ፣ አንዳንዴ ጨርቅ፣ አንዳንዴ ዛጎል። በዚያ ጉዞ ግን ባዶ እጄን ነበርኩ፤ ስለዚህ ወሬ ይዤላት ገባሁ። ባሕር ውስጥ ገብቼ ዋኘሁ አልኳት። ዓይኔን ገልጬ ዓሣ አየሁ፤ እንደ በርበሬ ቀይ፣ በመንጋ የሚሄድ፣ እጄን ስዘረጋለት የማይሸሽ። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አቁማ ሰማችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ አሰብ ላይ የጭነት ተራ እስኪደርሰኝ ሦስት ቀን መኪናዬ ሥር ጥላ ይዤ ተኝቼ ነበር። ወሬው የአንድ የወደብ ጫኝ ነው። እኔ ባሕሩን እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንኳ አልገባሁትም። ደገኛ ነኝ፤ ውኃ ከጉልበት ካለፈ ሰው ይወስዳል ተብለን ነው ያደግነው።

ትንሽ ውሸት ነበረች። ከእኛ ጋር አርጅታ ኦሃዮ ድረስ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም።

አሁን የምንኖረው ካናል ዊንቸስተር፣ ልጃችን ቤት ነው። ልጃችን ከቤቷ ብዙም የማይርቅ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ትሠራለች፤ አንዲት የአሥር ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የሚስቴ ዓይን መታመሙ የታወቀው ከበር መቃን ጋር መጋጨት ስታበዛ ነው። ሐኪሙ በሽታው ብርሃኑን ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሐል እንደሚመጣ ነገረን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠዋትና ማታ ጠብታ ይደረግላታል። ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ። የሾፌር እጅ አይንቀጠቀጥም ትላለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ልጃችንን ጠራቻት።

«ልጄ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን እማዬ? ኢየሩሳሌም ነው?»

«ኢየሩሳሌምንስ በስብከት እየሰማሁ እደርስባታለሁ። ባሕር ውስጥ ያለውን ዓሣ ነው። አባትሽ ያየውን።»

ልጃችን ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ትዋኛለህ እንዴ?»

«ድሮ» አልኩ። ተነሥቼ የጓሮው በር መቆለፉን አየሁ። ተቆልፏል። ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ እንደገና ተነሥቼ አየሁት።

ልጃችን ነገር አታሳድርም። በሳምንቱ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቡክ አድርጌዋለሁ። ከሥራም ኦፍ አገኘሁ። ፖርቶ ሪኮ ነው፤ የአሜሪካ ስለሆነ ፓስፖርት አያስፈልግም። ከዚያ በፈጣን ጀልባ ትናንሽ ደሴቶች ይወስዱናል፤ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጋችሁ ውኃው ላይ ተንሳፋችሁ ወደ ታች ማየት ብቻ ነው።»

ቀኑን ስትነግረን ልቤ ትንሽ አረፈ። «ፍልሰታ እኮ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ አባዬ። ልጅቷ ትምህርት ሳትጀምር ሌላ ሳምንት የለኝም። ካንስል ማድረግም አይቻልም።»

«ዓሣውን ልናይ እንጂ ልንበላው ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች ሚስቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑበት በዚህ ሰፈር ጠዋት አንድ ዙር የምዞር ሰውዬ አራት ዙር መዞር ጀመርኩ። ቆሻሻ መጣያውን ባልተራችን ቀን ወደ መንገድ አውጥቼ መልሼ አስገባዋለሁ። ልጃችን የማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ገንዳ ልውሰድህና ተለማመድ ብትለኝ «ገንዳና ባሕር አንድ አይደለም» አልኳት፤ ባሕር እንደሚያውቅ ሰው።

መነጽሮቹ በፖስታ የመጡ ዕለት ብቻዬን መታጠቢያ ቤት ገባሁ። የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ሞላሁት፤ መነጽሩን አጠለቅሁ፤ ፊቴን ነከርኩ። እስከ ሦስት እንኳ ሳልቆጥር ተደናግጬ ወጣሁ። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። ግን ራሴን ብቻ ነው ያየሁት። ግራና ቀኙ ጥቁር ጎማ ነው፤ ፎጣው የለም፣ በሩ የለም። ፎጣውን ፍለጋ አንገቴን ስጠመዝዝ ክርኔ የሳሙናውን ዕቃ ጣለው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚስቴ ውላ የምታድረው እንዲህ ነው። ጠዋትና ማታ ጠብታ እያደረግሁላት ይህን አላወቅሁም ነበር።

የልጅ ልጃችን ድምፁን ሰምታ በሩን ከፈተች። «አባባ፣ ሶ ፈኒ» አለችና ስልኳን ልታመጣ ሮጠች። ፎቶ ሳታነሣኝ አወለቅሁት።

ለማን ልንገር? ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጸጉሬን የሚቆርጠኝ የወሎ ልጅ አለ፤ አባቱም የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሁ ነገሩን አወጣሁለት። መቀሱን አቁሞ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ዋሽቶ ያገባ ሞልቷል። ዋሽቶ የዋኘ ግን አላየሁም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ይንገሯታ። ራስዎን አያንቀሳቅሱት፣ ጆሮዎን እቆርጠዋለሁ።»

ልነግራት ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። አንዴ የውኃ ማፍያው ጮኸ። አንዴ ልጅቷ ገባች። ሦስተኛው ጊዜ ማንም አልገባ፣ ምንም አልጮኸ፤ እኔ ነኝ የወጣሁት።

ቀኑ ደረሰና ሄድን። ሁለት አውሮፕላን ቀይረን ደረስን፤ በማግስቱ ጠዋት የጀልባው ማቆሚያ ላይ ቆምን። ልጃችን ለእያንዳንዳችን የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን ሰጠችን። ሚስቴ «መድኃኒት አያስገድፍም» ብላ ዋጠች። እኔ የዋጥሁ መስዬ ሸሚዜ ኪስ ከተትኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ነው የቆየሁት፤ በዚያ ላይ አንድ ውሸት ተሸክሜ ጾም መግደፍ ልጨምርበት አልወደድኩም።

ጀልባዋ ከኋላዋ ሁለት ሞተር አላት። ነጂው ቆሞ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቡና እየጠጣ ነበር። ገና ከወደቡ እንደወጣን ሞተሩን ለቀቀው፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሣ። መንገድ የለ፣ ምልክት የለ። ማዕበሉ ላይ ዘላ ስትወርድ እንደ ኮረኮንች ታንገጫግጫለች። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲነዳኝ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። ወለሉን እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ። አንድ እጄ የብረቱን መደገፊያ ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል።

ባዶ ሆድ ምን ያወጣል? በጎን በኩል ተንጠልጥዬ ያለ የሌለኝን ለባሕሩ ሰጠሁ። ክኒኑ ኪሴ ውስጥ በተረጨው ውኃ ሟሙቶ ሸሚዜን ነጭ አድርጎታል። ልጃችን አየችው። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ። አልዋጥክም?»

ሚስቴ ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ምንም አልሆነችም። «አንተ ሰውዬ፣ አሰብ ስትዋኝም እንዲህ ያስመልስህ ነበር?» አለችኝ።

ይኸው፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን «ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ» አልኩ።

ደሴቷ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋና ጸጥ አለ። ውኃው ከማጥራቱ የተነሣ የጀልባዋ ጥላ ታች አሸዋው ላይ ይታያል። ላይፍ ጃኬት አለበሱን። አስጎብኚዋ ጸጉሯ ጥቅልል ያለ ወጣት ሴት ናት፤ ገመድ ያለው ቀይ ክብ ጎማ ውኃው ላይ ጥላ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ይዘነው እንድንንሳፈፍ፣ እሷ እንደምትስበን ነገረችን። ልጃችን ከልጇ ጋር መጀመሪያ ገቡ። ተራው የሚስቴ ሆነ።

«እማዬ፣ ቆይ እኔ ልያዝሽ» አለች ልጃችን ከውኃው ውስጥ።

«አንቺ ልጅሽን ያዢ። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። እሱ ያውቀዋል።»

ልጃችን ለአስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ አስጎብኚዋ አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ተኩል። ለዘጠኝ ብዙ ይቀራል። ቱቦው በአፍ የሚነከስ ነው። ሚስቴ አንድ እጇን መሰላሉ ላይ፣ ሌላውን እኔ ላይ አድርጋ፣ በእግሯ ደረጃውን እየፈለገች ወረደች። እጇን መልቀቅ አልቻልኩም። ቱቦውን ነከስኩና ተከትያት ወረድኩ።

ውኃው ከጉልበቴ አለፈ፤ ከወገቤ አለፈ፤ ከዚያ እግሬ የሚረግጠው አጣ። ጎማውን እንደ መሪ ጨበጥሁት። ሚስቴ ወዲያው ፊቷን ነከረች። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች፤ ቱቦውን ከአፏ አወጣች።

«ምን ትሠራለህ? ግባ እንጂ። በጎኔ ያለውን እኔ አላየውም። ንካኝና አዙረኝ።»

ገባሁ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ጨው ይዞ መጣ፤ ጉሮሮዬ ዋጠው። ጾሜ ስንት ሰዓት ላይ እንደፈረሰ እግዜር ይወቅ። ሁለተኛው ትንፋሽ ንጹሕ አየር ነበር። ዓይኔን ገለጥኩ።

ታች ድንጋዩ ላይ ዓሣ ነበር። ቢጫ፣ ጥቁር መስመር የወረደበት። ሰማያዊ፣ እንደ ሱፍ ኮት የጠቆረ። አንድ ትልቅ ብቻውን የሚሄድ፣ የተጣለ ቆርቆሮ የመሰለ። ቢጫዎቹ በሚስቴ ግራ በኩል መጡ፣ እሷ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ ነበር። ትከሻዋን ነካሁና አገጯን በእጄ አዞርኩት። ስታያቸው እጇ ጎማው ላይ እጄን አገኘውና ያዘው። እነሱ ሲሄዱ አብረናቸው ዞርን። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ ወዲያ እንደዚያ ጸጥ ብሎኝ አያውቅም።

ቀና አልን። ፊቷ ላይ የመነጽሩ ጎማ ክብ ሠርቷል።

«ቀዩ የታለ?» አለች።

«ቀይ የለም።»

«አሰብ ብቻ ነው የሚገኘው?»

እግሬ ባዶውን እየረገጠ፣ አፍንጫዬን ጨው እያቃጠለው፣ ለመነሣት ወንበር የለ፣ የማየው በር የለ። «አላውቅም» አልኩ። «አሰብ አልገባሁም። ሰው የነገረኝን ነው የነገርኩሽ። መዋኘትም አልችልም።»

ፊት ለማየት ራሷን ቀስ እያዞረች ቁራሽ በቁራሽ ነው የምታየው። እንደዚያ አየችኝ፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን። አስጎብኚዋ ቋንቋው አይገባትም፣ ፈገግ ትልልናለች። ሚስቴ ቱቦዋን መልሳ ነከሰችና ፊቷን ነከረች። እኔም ነከርኩ። ግን እጄን አልያዘችም።

በመልሱ መንገድ አላናገረችኝም። በአውሮፕላኑም። ቤት ከገባን በኋላ ማታ የጠብታውን ብልቃጥ ይዤ ስቀርብ «ስጠኝ፣ ራሴ አደርገዋለሁ» አለች። ጠብታው ጉንጯ ላይ ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። በማግስቱ ጠዋትም እንዲሁ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እየተቀያየርኩ፣ መድኃኒቱ ዓይኗ ውስጥ ሳይገባ ሲፈስ አያለሁ። ልጃችን «ምን ሆናችሁ?» ብትል ሁለታችንም «ምንም» አልን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ጠራችኝ።

«ተቀመጥ። አትነሣ።»

ተቀመጥኩ።

«መዋሸትህ አይደለም የከፋኝ» አለች። «ወጣት ሆኖ ለሚስቱ ያልዋሸ የለም። ግን ነገ እኔ የማየው በአንተ ዓይን ነው። በሩ ላይ ማን ነው እልሃለሁ። ልጅቷ ፊቷ ጠቁሯል ወይ እልሃለሁ። ቀይ ነው ካልከኝ ቀይ ብዬ እኖራለሁ፤ ይኸው አርባ ምናምን ዓመት ቀይ ብዬ ኖርኩ። ሄጄ የማረጋግጠው በምንድን ነው?»

ልነሣ ብዬ ተውኩት።

«ያላየኸውን አላየሁም በለኝ። ሌላ አልፈልግም።» ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችውና ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ተነሥቼ አደረግሁላት። አንድም አልፈሰሰም።

ይህን የምጽፈው በመስከረም መጨረሻ ነው። አሁንም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ግን ሥራ አግኝቼለታለሁ። ትናንት ሶፋው ላይ ሆና «የጎረቤቱ ዛፍ ቀላ እንዴ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ወሩን አይቼ «አዎ» እላት ነበር። ተነሥቼ በሩን ከፍቼ መንገዱ ዳር ድረስ ሄድኩና አየሁት።

«ከላይ ቀልቷል» አልኳት ተመልሼ። «ታችኛው ገና አረንጓዴ ነው። በአንድ በኩል ቢጫ ቢጫ ይላል።»

«ወፍ አለበት?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ተመልሰህ እይልኝ» አለች።

ጫማዬን አላወለቅሁም ነበር፤ ወጣሁ።