የታፔላ ጻፊው ፊደል

ሰፈሩ ሁሉ ሚሊሜትር እያለ ነው የሚጠራው። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ አንዲት መስመር ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ምግብ አይወርድለትም። እንዲህ ያደረጉት አባቱ ናቸው። አባቱ ታፔላ ጻፊ ነበሩ፤ እጃቸው ወርቅ፣ ሜትር የሚባል ነገር ግን ጠላታቸው። ከግራ በትልልቁ ይጀምሩና ሰሌዳው ያልቅባቸዋል። የመጨረሻዋ ፊደል ሁልጊዜ ብቻዋን ታች ትወርዳለች። ልጅ ሆኖ ጓደኞቹ በዚህ ሲስቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር።

አባትየው ካረፉ ወዲህ ታፔላዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ በፕላስቲክ ተተኩ። ሚሊሜትር ቀደም ብሎ እየዞረ ፎቶ አንስቷቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፎቶዎቹ ላይ ፊደል እየለቀመ፣ የአባቱን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር የሚጽፍበት ፊደል አደረገው። «ሀ»ን ሲስል አባቱ ጎንበስ ሲሉ ይታዩታል፤ «ጨ» ላይ ሲደርስ የቀለሙ ሽታ ክፍሉን የሞላው ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርገው ደግሞ ፊደሎቹ ከስክሪኑ ወርደው በመጋረጃው ላይ ቀስ ብለው ሲሄዱ ያያቸዋል። መንቃቱን ይጠላው ነበር።

ያስቸኮለው የእናቱ ዓይን ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ሌላ ከተማ፣ እህቱ ቤት ናቸው። ሐኪሙ ዓይናቸው ከዓመት በላይ አያይም ብሏል። ከዚያ በፊት የባላቸውን እጅ አንዴ ቢያዩ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም። እናም አንድ ገጽ ሠራላቸው፤ በሰማያዊ መደብ ላይ፣ በአባቱ ፊደል፣ ትልቅ «ልብስ ስፌት»።

እሑድ ጠዋት ለእህቱ ደወለላት። «ክፈቺውና እማዬን ፊት ለፊቱ አስቀምጫት።»

እህቱ ገጹን ከፈተችው። ከዚያ እናቱ፣ «ጥሩ ነው ልጄ። የጋዜጣ ጽሑፍ ይመስላል» አሉት።

ወዲያው ገባው፤ ፊደሉ ያለው እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። የእህቱ ኮምፒውተር የማያውቀውን ፊደል ሲያጣ፣ ራሱ ውስጥ ያለውን ተራ ፊደል ተክቶ አሳያቸው። ይህን ለስንቱ ሰው ሲያስረዳ ኖሮ፣ የአባቱ ነገር ሲሆን ረሳው። እሱ የሚያየውን ሰው ሁሉ የሚያይ መስሎት ነበር።

ፊደሉን ከገጹ ጋር አብሮ ጫነና፣ «አሁን እንደገና ክፈቺው» አላት።

የእናቱ ትንፋሽ በስልኩ ተሰማው። እህቱ ሳቅ እያነቃት፣ «እዚህ እኮ ‹ት›ዋ ቦታ አጥታ ታች ወርዳለች» አለችው።

የእህቱ ስክሪን አሮጌና ጠባብ ነው፤ እሱ የለካው በራሱ ሰፊ ስክሪን ነበር። ፊቱ ጋለ። «አንድ ደቂቃ ስጪኝ፣ ፊደሉን ትንሽ ላሳንሰው።»

«እንዳትነካው» አሉ እናቱ። «አባትህ ለእኔ የጻፈልኝ ታፔላ ልክ እንዲህ ነበር። ገና አልተጋባንም ያኔ። ሰሌዳው አልቆበት፣ ብሩሹን ይዞ አፍሮ ሲቆም ነው የወደድኩት።»

ሚሊሜትር እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። እሱ ፊት «ልብስ ስፌት» ቀጥ ብሎ በአንድ መስመር ተቀምጧል፤ አንድም ፊደል አልወረደም። ሆድ ባሰው። በማውሱ የገጹን ጠርዝ ያዘና ቀስ እያለ አጠበበው፤ «ት» ብቻዋን ታች እስክትወርድ ድረስ።