ቀዩ አልቆም አለ

ሽማግሌው ፒያሳ ወዳለው የፈህሚያ ኢንተርኔት ቤት ሲመጡ ጋቢያቸውን አያወልቁም። በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ፤ መስመር በጨረሱ ቁጥር ቀለሙ እስኪደርቅ የሚጠብቁ ይመስል እጃቸውን ያነሣሉ። ዕድሜያቸውን ብራና ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር ዛሬም ቀይ ቀለም አለ። የኢንተርኔት ገጽ መሥራት ግን አልሆነላቸውም። አንድ ስም ብቻ ቀይ ይሁን ቢሉ፣ ከሥሩ ያለው አድራሻቸው ሳይቀር እንደ በርበሬ ቀላ።

«ምነው ይህ ዕቃ አይሰማኝ? ብዕሬን ካነሣሁ ወዲያ ቀዩ ምን ቀረው?» አሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። ትናንትም እንዲሁ ተናደው ነው የሄዱት።

«እዚህ ብዕር ማንሣት አይበቃም አባባ» አለች ፈህሚያ። «ስሙ ሲያልቅ፣ ቀዩም እዚህ ይብቃ ብለው ማዘዝ አለብዎት።»

እየተነጫነጩ ያሳየቻቸውን የመዝጊያ ምልክት ከስሙ ኋላ አስገቡ። ሌላው ሁሉ ወደ ጥቁር ተመለሰ፤ «ፀደንያ» የሚለው ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ።

በብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም መሆኑን ትናንት ነግረዋታል። «የትኛዋ ቅድስት ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄ ናት። ብራና ላይማ አልደፍረውም» አሉና ከስሙ ሥር በአንድ ጣታቸው መልቀም ጀመሩ፦ ካለሽበት ድምፅሽን አሰሚን።