ስሙን ብቻ ቀይሪው

«ስሙን ብቻ ቀይሪው» አሉኝ የእድራችን ሰብሳቢ በስልክ። አንድ አባላችን ከሞቱ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ነው የፈለጉት። «ያ የበሩ ነገር አለ አይደል? እሱኑ አድርጊው። ሕዝቡ ይወደዋል።»

ደሜ ፈላ። ይበልጥ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው፤ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚህ በስደት ከተማችን፣ ቻምበርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ በነበርንበት አፓርትመንት ከበላያችን የምትኖር ሴት ሞተች። ቤት እስካለች ድረስ በሯን ቆልፋ አታውቅም። እናቶቻቸው ከሥራ እስኪገቡ የጎረቤት ልጆች ጫማ ደጃፏ ላይ ተደርድሮ ይውል ነበር። ያንን ጻፍኩ። ሲነበብ ያላለቀሰ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ለሁለተኛው ሰውዬ በሩን አስገባሁለት፤ ለሦስተኛዋም፣ ለአምስተኛውም። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ወልደው ከጨረሱ በኋላ ነው። ፊደልን በስንት መከራ ያገኘሁ ሴት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ እድር ድንኳን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት አዟዟርኩ። የሞተ ሰው ደግሞ ተነሥቶ «ይሄ እኔ አይደለሁም» አይል።

«መጀመሪያ ባለቤታቸውን ላናግር» አልኳቸው።

«ሐዘንተኛ ላይ ጥያቄ? ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

ሄድኩ። ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ነው ቤታቸው። ሴትዮዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ልማድ አይለቅምና፣ «እንግዳ ይወዱ ነበር?» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱ? እንግዳ መጣ ሲባል ቁልፉን አንሥቶ ይወጣል። ፓርኪንጉ ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ሰው ሲሄድልኝ የኩሽናውን መብራት ሁለቴ አጥፍቼ አበራለታለሁ፤ ያኔ ይመጣል።»

አጠገባቸው የነበረች ጎረቤት ቀና አለች። «እኔ ስመጣ ሥራ ገብቷል አልነበር የምትዪኝ?»

«አንቺ ስትመጪማ ሞተር አስነሥቶ ነው የሚሄደው» አሉና ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሱ።

ጻፍኩት፣ እንደነገሩኝ። በቀብሩ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ለሰብሳቢው ሰጠኋቸው። እያነበቡ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሟችን ልታዋርጂ ነው?»

«ሚስታቸው የነገሩኝ ነው።»

«ሐዘንተኛ ብዙ ይላል። የለመድነው ምን ጎደለው?»

«ያልነበራቸውን ጠባይ መለጠፍስ ማዋረድ አይደለም? ይሄ ስንተኛው ሰው ነው በአንድ በር የምንሸኘው?» ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዞር ብለው ያዩን ነበሩ። ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ገቡ።

አንባቢው እሳቸው ናቸው። የትውልዱን፣ የሥራውን አነበቡ። መኪናው ያለበት አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ዘለሉት፤ በቃላቸው፣ «በሩ ለማንም ክፍት ነበር» አሉ። የኔው ዓረፍተ ነገር። በሕይወቴ በጻፍኩት ነገር እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሴትዮዋ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«አልነበረም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «መኪናው ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በመብራት የምጠራው እኔ ነኝ። እሱን ያንብቡልኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስኬዱና ከዘለሉት ቦታ ጀመሩ። ሴትዮዋ አንቀጹ እስኪያልቅ አልተቀመጡም።