ፖሊስ ሊመጣ ደጄን የጠረግሁ ለት

የስፌት መኪናዬ የተሰረቀችው እሑድ ረፋድ፣ እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ነው። ድንበር ማዶ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ከገባሁ ጀምሮ እንጀራዬ እሷ ነበረች፤ በእጅ የምትዞር አሮጌ መኪና። ተመልሼ የደጄ ጓጉንቸር ተሰብሮ ሳገኘው ጮኼ አለቀስሁ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላክሁ።

የላክሁት ሰው ተመልሶ "እየመጡ ነው" ሲለኝ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መጥረጊያ አነሳሁ። መቼም የመንግሥት ሰው በቆሻሻ ደጅ አይቀበሉትም። ቤቱን ጠረግሁ፣ ግቢውን ጠረግሁ፣ አቧራው እንዳይነሳ ውኃ ረጨሁበት፣ ወንበርም አወጣሁ።

ፖሊሱ የመጣው ዱካ ከሚያነብ አንድ ሽማግሌ ጋር ነው። በዚያ አገር ሌባ የሚታደነው በኮቴው ነው። ሽማግሌው መሬቱን አይቶ "ይህን ማን ጠረገው?" አለ በዐረብኛ።

"እኔ" አልሁ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ። ሽማግሌው ፖሊሱን አየው፣ ፖሊሱ ሰማዩን አየ።

"እሺ፣ ምን ጠፋሽ?" አለኝ ደብተሩን ገልጦ።

"ጀናቡ" አልሁት፣ መኮንን እዚያ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ "እኔ ከመተማ ስወጣ..." አቤቱታ ከሥሩ ካልተነሳ የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ገና ድንበሩን ሳልሻገር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እኅቴ፣ የዛሬውን ብቻ ንገሪኝ። ምን ምልክት አላት?"

"እጀታዋ ተሰንጥቆ እኔው በቀይ ጨርቅ ጠምጥሜዋለሁ፤ ከጨርቁ ሥር በሽቦ አስሬዋለሁ።"

ጻፈ። "ሌባውን አይተሻል?"

የጎረቤቴ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። በመካከላችን ባለው ቀዳዳ አጥር ከተጣላን ቆይተናል፣ ቅዳሴም አላየኋትም። ግን የጠየቀኝ ስላየሁት ነው። እየጎመዘዘኝ ዋጥሁት። "አላየሁም" አልሁ።

ሽማግሌው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ሾለከ። ጎረቤቴ ደጇን የምትጠርግ ሴት አይደለችም፤ ይህንንም ለሰፈሩ ሁሉ ስነግር ኖሬያለሁ። እዚያ አቧራው ላይ የአንድ ግዙፍ ሰው የጫማ ዱካ፣ መኪናዋን አስቀምጦ ያረፈበትም ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዱካውን ተከትለው ሳይመሽ ገበያው ዳር መኪናዋን ከነሌባው አገኟት። ሰውየው የኔ ናት ብሎ ድርቅ አለ። ፖሊሱ ቀዩን ጨርቅ ፈትቶ ሽቦውን ሲያሳየው ግን መኪናዋን ለቀቀ።

ጎረቤቴ እንኳን ደስ ያለሽ ልትለኝ መጣች።

"ስለኔ ምን አልሻቸው?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ልትይ ነበር?"

መዋሸት አቃተኝ። "ነበር" አልሁ።

"እኔ ውኃ ወረፋ ላይ ነበርሁ" አለች። "ይህን ግን በዐረብኛ መናገር አልችልም። ስሜን ብትጠሪ ኖሮ በምን አፌ እመልስ ነበር?"

ለመኪናዬ ካለቀስሁት የባሰ ያን ጊዜ አለቀስሁ። እሷ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ብብቱ የተቀደደ ቀሚሷን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።