ከፍሪሲዮን ላይ የማይነሳ እግር

ጭብጨባ ስሰማ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ምክንያቱ መርዳሳ ነው።

መርዳሳ ናዝሬት ውስጥ በአንዲት ሴይቼንቶ ታክሲ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያበላ ሰው ነበር። ወንጂ የሸንኮራ ትራክተር ሲነዳ ኖሮ፣ ከአፉ ቀንሶ የገዛት ናት። አፉ ግን ክፉ ነው፤ በሯን በኃይል የዘጋ ተሳፋሪ «የአማትህ ቤት መሰለህ?» ሳይባል አይሄድም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ «ለአብዮቱ ሥራ» ብሎ መኪናዋን ወሰደበት። ሲነዳት ከተማው ሁሉ አይቶታል፤ ግራ እግሩ፣ ማርሽ ሲቀየር ብቻ ከሚረገጠው ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ተነስቶ አያውቅም። የሥልጣን ወንበሩ ላይም እንደዚያው ነበር፤ የረገጠውን አይለቅም። በመጨረሻ ፔዳሏ በተረገጠ ቁጥር እንደሚታረድ ፍየል ስትጮህ ጊዜ «አስጠግናት» ብሎ ደጁ ላይ ጣላት።

መርዳሳ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሞተሯን አወረደና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ አወጣ። እግር ሲነሳ ማረፍ የነበረበት ቀለበት፣ እረፍት አጥቶ ነዶ ጠቁሯል። ሲያሽከረክረው አሸዋ እንደነከሰ ጥርስ ተንኮሻኮሸ።

«ወርቄ! ነይ እዪ የጓድሽን ሥራ!» አላት ሚስቱን።

«ኧረ ቀስ በል፤ አጥር ጆሮ አለው።»

«ይስማ! እሱ መንዳት ያለበት አህያ ነው።»

አጥሩ ሰማ። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ገሠሠ ተነሳ። «ጓድ መርዳሳ መኪናውን ሆን ብሎ አበላሽቶ ነው የሰጠን። ይህ አሻጥር ነው! ወይ ግለ ሂስ ያድርግ፣ ወይ ይታሰር፤ መኪናዋም ትወረስ!»

መርዳሳ ካመንኩ መኪናዬን ይተዉልኛል ብሎ አሰበ። ያ አፈ ክፉ ሰው ኮፍያውን አውልቆ «አሻጥር ሠርቻለሁ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ትፍ! የገሠሠን እግር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እኮ ናቸው። ሚስቱ ምጥ ሲይዛት መርዳሳ በነጻ ሐኪም ቤት ያደረሰለት ጎረቤት እንኳ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

«ጥፋቱን ስላመነ አይታሰርም» አለ ገሠሠ። «መኪናዋ ግን ተጠግና ነገ ለቀበሌው ለዘለቄታው ትሰጥ።»

ለዚህም አጨበጨቡ።

መርዳሳ ቤቱ ሲገባ ሞተሩ እንደወረደ ነው፤ ሊገጥመው የገዛው አዲስ ኩሽኔታም ከወረቀቱ አልወጣም። አዲሱን አንስቶ ለወርቄ ሰጣት። አሮጌውን ከቆሻሻው ጨርቅ ውስጥ አወጣ፤ ወለወለው፣ ለዓይን እስኪያምር ግራሶ ቀባው፣ ቦታው መለሰው።

«ምን ነካህ አንተ? የሞተውን ነው እኮ የምትገጥመው!»

«በሕዝብ ፊት አሻጥር ሠርቻለሁ ብያለሁ» አላት ቡሎኑን እያጠበቀ። «ውሸታም ልባልልሽ እንዴ?»