«ዘረመል» ሲባል «ዘር» የሰማው ወንድሜ

ትናንት ሐሙስ፣ ደብረ ማርቆስ ሲያካፋ ዋለ። ሐኪም ፊት የተቀመጥነው ታላቅ ወንድሜ፣ ካንሰር የያዛት ልጁና እኔ ነበርን።

ሐኪሙ «የዘረመል ለውጥ ነው» ሲል ወንድሜ ብድግ አለ። «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም! ይህ ከተሰማ ታናሿን ማን ያገባታል?»

«ጋሼ፣ የተለወጠው እጢው ውስጥ ነው እንጂ ከዘር የወረደ አይደለም» አልኩት። «ሴል ውስጥ ዘረመልን ዝም የሚያሰኙ፣ አር ኤን ኤ የሚባሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ። እነሱ ሲበላሹ ሴሉ ያለ ከልካይ ይባዛል።»

«ይህንንም ከስኳር መጠቅለያ ላይ ነው ያነበብሽው?» ብሎኝ ልጁን ይዞ ወጣ። እውነቱን ነው፤ ባለሱቁ ስኳር ከጠቀለለበት የመጽሐፍ ቅዳጅ ላይ ነው ያነበብኩት።

ዛሬ ጠዋት ደብረ ኤልያስ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቱ «አክስቴ፣ መጀመሪያ እህቴ ትዳር፤ እኔ በኋላ እታከማለሁ» አለችኝ።

በአንድ ቃል ሰበብ ሕክምና የተወ ሰው መልሳችሁ ታውቃላችሁ? ቀጠሮዋ ሰኞ ነው፤ እንዴት እንዳሳመናችሁት ጻፉልኝ።